አባ ኮዳ ልጅ አይበላም

ልጅ ማስፈራራት በሕግ የሚያስቀጣ ቢሆን ጥቆማ የምሰጥበት ቦታ አለኝ። አሞራ ገደል፣ ሐዋሳ፤ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ። ሰሞኑን ልጄንና የእህቴን ልጅ ይዤ ሄጄ፣ ጥብሳችን እስኪደርስ ሾርባ ፉት እያልን፣ አጠገባችን የተቀመጠች አንዲት እናት ልጇን «ትበላለህ አትበላም? ለአባ ኮዳው ነው የምሰጥህ!» ትለዋለች። ልጁ አራት ዓመት ቢሆነው ነው። አባ ኮዳው ደግሞ እንደ ተረቱ ጅብ ሩቅ ያለ አይደለም፤ እዚያው ሁለት ሦስት እርምጃ ላይ ቆሞ ያያል። ቁመቱ ከልጁ ይበልጣል። ራሱ መላጣ፣ ምንቃሩ ክንድ የሚያህል፣ አንገቱ ሥር ከረጢት የተንጠለጠለበት ትልቅ አሞራ ነው። ልጁ ምን ያድርግ? አፉን ከፈተ፤ ጎረሰ። እናትየው በድሏ ተበረታታ ወደኛ ዞረችና የኔን ልጅ «አንቺም ብዪ የኔ ቆንጆ፤ አለዚያ አንቺንም ይወስድሻል» አለቻት። ማን ጠየቃት?

የራስን ልጅ ማስፈራራት የቤት ጉዳይ ነው እንበል። የሰው ልጅ ማስፈራራትስ? እኛ አገር እስካሁን በነጻ የሚሰጥ አገልግሎት ይሄ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

እኛን ያስፈራሩን በአያ ጅቦ ነበር። አያ ጅቦ ቢያንስ ቀን ቀን ሥራ አይገባም። አሁን ግን ፖሊስ ይመጣብሃል፣ ሐኪም ይወጋሃል ነው። ከዚያ ልጁ ገበያ መሀል ሲጠፋ ፖሊስ አይቶ ለምን እንደሚደበቅ ይገርመናል። ለክትባት ሲወሰድ ዘመድ አዝማድ ተረባርቦ ይዞት እሱ ሲራገጥ ነርሷን ይቅርታ እንጠይቃለን። ከሁሉም የሚያንገበግበኝ የቆራሌው ነገር ነው። ሰውየው ማዳበሪያውን ተሸክሞ፣ ፀሐይ እየጠበሰው፣ አሮጌ ጫማና ባዶ ጠርሙስ ሲገዛ ይውላል። «ቆራሌው!» ባለ ቁጥር በየበሩ «መጣልህ! በማዳበሪያው ከቶ ነው የሚወስድህ» ይባላል። ሕፃናቱ እየጮኹ ወደ ቤት ይገባሉ። ይሄ ሰው እኮ ቤቱ ልጆች ሊኖሩት ይችላሉ። ቀን ሙሉ በየሰፈሩ የልጅ ሌባ ሲባል ውሎ ማታ ገብቶ የሚያቅፋቸው። እኛ ልጅ ልናስተኛ ብለን የሰው ስም እናጠፋለን። ይሄኛው ቀልድ አይደለም፤ ነውር ነው።

አባ ኮዳም ቢሆን ስሙ የጠፋው በከንቱ ነው። አሞራ ገደል የሚውለው የዓሣ አንጀት ፍለጋ ነው። ዓሣ የሚያጸዱት ልጆች የቆሮሶውን ቅርፊት ፍቀው፣ ሆዱን ዘርግፈው፣ ፊሌቶውን አውጥተው የተረፈውን ይወረውሩለታል፤ እሱ ይውጣል። እሱና ባልደረቦቹ ባይኖሩ ያ ሁሉ የሆድ ዕቃ በሐዋሳ ፀሐይ እስከ ምሳ ሰዓት ምን እንደሚሸት አስቡት። ደመወዝ የማይጠይቅ የጽዳት ሠራተኛ ነው።

ልጄ ስታየው ቆየችና «እግሩን ኖራ የቀባው ማነው?» አለች። እውነትም ነጭ ነው። መልሱን ያገኘችው ከኔ ሳይሆን ዓሣ ከሚያጸዳ የአሥር ዓመት ገደማ ልጅ ነው። ቢላውን ሳያቆም «ሲሞቀው እግሩ ላይ ነው የሚያራው። ያቀዘቅዘዋል» አላት። ትክክል ነው፤ ስለ ወፎች የሚያጠኑ ሰዎችም የሚሉት ይሄንኑ ነው። ልጆቹ በሳቅ ፍርስ አሉ። የጎረቤታችን ትንሹ ልጅም ጉርሻው አፉ ውስጥ እያለ ሳቀ። ፍርሃቱ ባንድ ጊዜ ለቀቀው፤ እግሩ ላይ የሚያራ ነገር እንዴት ይፈራል? እናትየው ግን «ኧረ ነውር! ሰው እየበላ!» ብላ ዓሣ አጽጂውን ልጅ ተቆጣችው። ልጅን ለአሞራ መስጠት ነውር ባልሆነበት ማዕድ ላይ ኩስ ነውር ሆነ።

«ትምህርት የለም እንዴ?» አልኩት ዓሣ አጽጂውን። «የከሰዓት ፈረቃ ነኝ ጋሼ» አለኝ። ከእህቴ ልጅ ጋር እኩያ ናቸው። እሱን አስፈራርቶ የሚያጎርስ ሰው ግን አላየሁም።

ጥያቄ አንዴ ከተከፈተ አይዘጋም። የእህቴ ልጅ ደግሞ ሐይቁን እያየ «ውኃው የት ይሄዳል?» አለ። ቀላል ጥያቄ እንዳይመስላችሁ። ያ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን ሐይቅ ጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል፤ ከሱ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። እንዲያም ሆኖ እንደ ሻላና እንደ አብያታ ጨዋማ አልሆነም። ባለሙያዎች ከሥር በመሬት ውስጥ ይሰርጋል ይላሉ። ይሄን እያስረዳሁ ጥብሱ መጣ። ልጄ ዓሣውን አገላብጣ አየችውና «ይሄ ሕፃን ነው?» አለች። መዳፌን አያክልም። የመረቡ ዓይን ሲጠብ ያልደረሰውም ያልወለደውም አብሮ ይወጣል። ዋጋው ግን የአዋቂ ነው። ይሄንኑ ለአስተናጋጁ ስነግረው፣ እስከዚያች ሰዓት ስልኩ ላይ አቀርቅሮ የነበረው የእናትየው ባል ቀና አለና «ወንድሜ፣ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» አለኝ።

ይሄን ተረት በጣም እወደዋለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ። ግን ልብ ብላችሁ ስሙ፤ ዓሣ የሚፈልግ ሰው ሲተርተው ሰምቼ አላውቅም። ሁልጊዜ የሚተርተው ዘንዶው ላይ የተቀመጠው ነው። ደግሞስ ሐዋሳ ሐይቅ ስንት ዘመን ሲጎረጎር ኖረ? የወጣው ቆሮሶ ነው፤ ቢበዛ አምባዛ።

እኔ ከዚህ ተረት ጋር የተጣላሁት የኮንዶሚኒየማችን ስብሰባ ላይ ነው። ለውኃ ፓምፕ ብር አዋጡ ተባልን፤ አዋጣን። ፓምፑ መጣ፤ ውኃው አልመጣም። ለፓምፑ ጥገና ደግሞ አዋጡ ተባልን፤ አዋጣን። ደረሰኝ የት አለ ብዬ ጠየቅሁ። ድምፄን ከፍ አላደረግሁም፤ የማንንም ስም አልጠራሁም። ሊቀመንበሩ ፈገግ ብለው «ልጄ፣ ዓሣ ጎርጓሪ…» ብለው እዚያው ላይ ተዉት። ቤቱ ሳቀ። የሳቁት እኮ እንደኔው ባልዲ ተሸክመው ደረጃ የሚወጡ ናቸው! ሰው አድጎ አባ ኮዳን መፍራት ሲተው በተረት ነው ዝም የሚያሰኙት። ያውም እናቱ ስታጎርሰው ቢያንስ ዓሣ ያገኝ ነበር፤ እኛ ግን አፋችንን ዘግተን ውኃም አላገኘን። ከዚያ ስብሰባ ወዲህ በግቢው ስሜ «ጎርጓሪው» ነው። «ጎርጓሪው፣ እንዴት አደርክ?» ይሉኛል፤ እኔም እግዚአብሔር ይመስገን እላለሁ። ደረሰኙ እስካሁን የለም። ሰሞኑን ደግሞ ለፓምፑ ጥበቃ የሚሆን መዋጮ አለ እየተባለ ነው። ምኑን ነው የሚጠብቁት?

ከገበያው በጣም ራቅሁ መሰለኝ። ልጅ ማስፈራራት ላይ ነበርን። ለማንኛውም ልጆች ይዛችሁ የምትሄዱ ጠዋት ሂዱ፤ ጀልባዎቹ ሲገቡ ማየት ደስ ይላል። ጥሬውን በዳጣ ለራሳችሁ ተዉት። እሾኹን ለቅማችሁ አጉርሱ። ሙዝ ይዛችሁ ከሆነ ደግሞ ደብቁ፤ ሐይቁ ዳር ዛፎቹ ላይ ያሉት ጦጣዎች ይነጥቃሉ። የእህቴን ልጅ ሙዝ ነጥቀው፣ ዛፍ ላይ ወጥተው፣ እያየ ልጠው በሉበት። የግድ ካላስፈራራሁ የሚል ወላጅ በነሱ ያስፈራራ። ቢያንስ ውሸት አይሆንም።