የለንደን ድልድይ አሪዞና በረሃ ላይ፦ ይታያል ወይስ ይታለፋል?

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1831 ቴምዝ ወንዝ ላይ የተመረቀው የለንደን ድልድይ የመኪናውን ጋጋታ አልቻለም፤ ቀስ በቀስ ይሰምጥ ነበር። በ1968 ከተማዋ ሸጠችው። ገዢው ሮበርት ማኩሎክ የሚባል አሜሪካዊ የሞተር መጋዝና የነዳጅ ከበርቴ ነው፤ ዋጋው 2,460,000 ዶላር። ድንጋዩ ቁጥር እየተጻፈበት ተፈታ። በመርከብ ፓናማን አቋርጦ ካሊፎርኒያ ወረደ፣ ከዚያ በከባድ መኪና አሪዞና ገባ። በ1971 ሌክ ሃቫሱ ሲቲ ላይ ተመረቀ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ቦታው ከላስ ቬጋስ የሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ ያህል ነው። ለጉብኝት ይበቃል? አንዱ ከላስ ቬጋስ፣ አንዷ ከለንደን ተሟግተዋል።

ከላስ ቬጋስ፦
ይበቃል እንጂ! አሜሪካ ውስጥ ካየኋቸው ጉዶች ይህን የሚያክል የለም። እስክትደርሺ ድረስ በረሃ ነው፤ ተራራው ራቁቱን፣ ፀሐዩ አናት የሚበሳ። ከዚያ ድንገት ግራጫ የግራናይት ቅስት ይመጣብሻል። ከስሩ ገብተሽ ጠጋ ብለሽ ስታዪ፣ አንዳንዱ ድንጋይ ላይ ለንደን ሲፈታ የተጻፈበት ቁጥር እስከ ዛሬ አለ። የትኛው ድንጋይ የት እንደሚገባ የሚናገር ቁጥር ነው። ልጄ ቁጥር ፍለጋ ሲሯሯጥ አይስክሬሙ እጁ ላይ ቀለጠ።

ከለንደን፦
ወንድሜ፣ ልጅህ ያየው ልባሱን ነው። ውስጡ ብረት ያለው ኮንክሪት ነው፤ የለንደኑ ግራናይት ከላይ ነው የለበሰው። ደግሞ ድልድይ የሚሠራው ውኃ ለመሻገር አይደል? ይሄኛው መጀመሪያ ደረቅ መሬት ላይ ተገጣጠመ፣ ውኃው በኋላ ከስሩ ተቆፍሮ መጣለት! ከተማውን የቆረቆረው ማኩሎክ ራሱ ነው። መሬት የሚገዛው ሰው ፈለገ፣ ድልድይ አመጣ። ገዢዎችን በነፃ አውሮፕላን እያመላለሰ ቦታ ያሳይ ነበር። የመሬት ሻጭ ማስታወቂያ ለማየት እኔ በረሃ አልነዳም።

ከላስ ቬጋስ፦
ማስታወቂያ መሆኑን ማን ካደ? እኔን የሚስበኝ እሱ ነው። ሰውዬው ዋጋ ሲያቀርብ የማፍረሻውን ወጪ በእጥፍ አስቦ፣ ድልድዩ ሲመረቅ ለሚሞላው ዕድሜ በየዓመቱ 1,000 ዶላር ጨመረበት ይባላል። ስልሳ ዓመት፣ 60 ሺህ ዶላር! ማጓጓዙና መልሶ ማቆሙ ሌላ 7 ሚሊዮን ያህል በላ። ዘዴው ግን ሠራለት፤ ከተማው ይኸው አለ። (ሌላውን ባለ ሁለት ማማ የለንደን ድልድይ፣ ታወር ብሪጅን፣ የገዛ መስሎት ተሸወደ የሚባለው ወሬ ነው። እሱም ሻጩም አስተባብለዋል።)

ለንደን ደግሞ ለድልድዮቿ ያላትን ፍቅር እናውቃለን። በ1209 ያለቀው፣ ከ600 ዓመት በላይ ያገለገለው፣ ቤትና ሱቅ የተደረደረበት ጥንታዊው ድልድይ የት አለ? አፈረሳችሁት። ከላዩ የተረፉት ጥቂት የድንጋይ መጠለያዎች ናቸው፤ ሁለቱ ቪክቶሪያ ፓርክ፣ አንዱ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ።

ከለንደን፦
እነሱን ስላነሳህልኝ ደስ ብሎኛል። ቪክቶሪያ ፓርክ ያሉት ውስጥ ምሳህን ይዘህ ትቀመጣለህ፣ ከፋይ የለ፣ አስከፋይ የለ። ወንዙ ዳር ደግሞ የቅዱስ ማግነስ ቤተ ክርስቲያን አለ። የጥንቱ ድልድይ እግረኛ በስተመጨረሻ ሲያልፍ የነበረው በደወል ማማው ስር ነው። ውስጡ የድልድዩ ሞዴል ተቀምጧል፤ ቤቶቹ የጣት ቁመት፣ መንገዱ በትንንሽ ሰዎች የተጨናነቀ። እኔ እንግዳ ሲመጣብኝ እዚያ ነው የምወስደው። ደጁ ላይ የሮማውያን ዘመን እንጨት ቆሟል። ወደ ደቡብ ስትሻገር የዚያ የተሸጠው ድልድይ ደረጃና አንድ ትንሽ ቅስት ቀርቷል። ቁርጥራጭ ነው፣ ግን ቦታው ላይ ነው።

የአክሱምን ሐውልት አስብ። ሮም ላይ ከ1937 ጀምሮ ሲቆም መኪና ይዞረው ነበር። በ2005 ተመልሶ በ2008 ሲቆም ነው ነገሩ የሚገባህ። አጠገቡ የኢዛና ሐውልት፣ እዚያው የወደቀው የ33 ሜትሩ ግንድ።

ከላስ ቬጋስ፦
እህቴ፣ ሐውልቱን እዚህ አታስገቢው። እሱ ተዘርፎ ነው የሄደው። ድልድዩ ተፈርሞ ተሸጠ። የለንደን ከንቲባ አሪዞና ድረስ መጥቶ የመሠረት ድንጋይ አኑሯል!

ከለንደን፦
ስለ ባለቤትነት መቼ አወራሁ? ስለ ማየት ነው። ከጎረቤቶቹ ጋር ስታየው ይገባሃል ነው ያልኩት።

ከላስ ቬጋስ፦
እንግዲያው ጎረቤቶቹን እንቁጠር። ድልድዩን የነደፈው ጆን ሬኒ ነው። ሥራው ሳይጀመር ሞተ፣ ልጁ ጨረሰው። ሬኒ ቴምዝ ላይ ዋተርሉንና ሳውዝዋርክንም ነድፏል። በስማቸው ዛሬም ድልድይ አለ፣ ግን የሱዎቹ ፈርሰው ሌላ ተተክቷል። እና የሬኒን የለንደን ድልድይ መልክ ማየት የፈለገ የት ይሂድ? አንቺ ጋ ደረጃና ቁራጭ ቅስት አለ። እኛ ጋ አምስቱም ቅስቶች ቆመዋል።

ከለንደን፦
ይቺን ልስጥህ። ዛሬ እኛ ጋ ያለው፣ በ1973 የተመረቀው፣ ለፎቶ የሚሆን አይደለም። ቱሪስቱ ታወር ብሪጅን አንስቶ “የለንደን ድልድይ” ብሎ ይለጥፋል። ግን ለአምስት ቅስት ብዬ ውቅያኖስ አልሻገርም። ቬጋስ ያለ ሰው ይሂድ፣ እሱም በበጋ ሙቀት አይሞክረው። በሰኔ 1994 ወደ 53 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የተመዘገበበት ከተማ ነው።

ከላስ ቬጋስ፦
በሰኔማ ማን አብዶ? እኛ በፈረንጅ ገና ሰሞን ነው የምንሄደው። በጠዋት ትነሺያለሽ፣ በጀልባ ከስሩ ታልፊያለሽ፣ ሐይቁ ዳር የተተከሉትን ትንንሽ የመርከብ መብራት ማማዎች ታያለሽ። ከ20 በላይ ናቸው፤ የታወቁ የአሜሪካ ማማዎች ቅጂ። ለማታ ቤትሽ ነሽ።

ከለንደን፦
ቅጂም ጨምረውበታል? በል ተወው፣ ከዚህ በላይ የሚረዳኝ ነገር አታመጣም።