የዴይኬራችን የስጦታ ኮሚቴ ሺ ዓመት ይንገስ!

እኔ የሠራ ሰው ሳይመሰገን ሲቀር አንጀቴ ነው የሚያረው፣ ስለዚህ ዘንድሮ ዴይኬራችን ውስጥ ለገና የልጆች ስጦታ ልውውጥ ያዘጋጁትን ወላጆች በአደባባይ ሳላመሰግን ብቀር እንቅልፍም አይወስደኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ይሄ ነገር የሌለበት ዴይኬር እየጠፋ ነው አውቃለሁ፣ የኛ ግን ይለያል (የሁሉም ይለያል)።

መጀመሪያ ሚስ ግሩፑ ላይ የጻፈችው ሁለት መስመር ነበር። ዕጣ ይወጣል፣ እያንዳንዱ ልጅ ለደረሰው ልጅ ትንሽ ስጦታ ያመጣል፣ ዋጋው ከ500 ብር አይበልጥም። አለቀ። ምስኪን፣ ልጅነት ነው፣ ለኛ ለወላጆች ጣሪያ ያሉን ነገር ወለል እንደሚሆን ገና አልገባትም። ወዲያው የአንዷ ማሚ ቮይስ ገባ፣ "እኔ ምንም ማለቴ አይደለም ግን 500 ብር ዛሬ ምን ይገዛል፣ ልጆቻችንን ባናሳንሳቸው"፣ በቃ ከዛ በኋላ ማን ያቁመው፣ ልብ በልብ ሆነ፣ ማታውኑ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢ፣ ገንዘብ ያዥ፣ የዲኮር ተጠሪ፣ የኬክ ተጠሪ፣ የፎቶግራፈር ተጠሪ፣ የቴሌብር ቁጥር፣ ስክሪንሹት ያልላኩ ሰዎች ስም ዝርዝር። ለሰፈራችን የተበላሸ መንገድ ኮሚቴ ከተቋቋመ ስንት ጊዜው ነው፣ እስካሁን ሰብሳቢ አልመረጠም፣ እነዚህ ግን በአንድ ሌሊት! ይሄ ትውልድ ከፈለገ ይችላል።

ዕጣው ደግሞ ፍትሐዊ ነበር። ወረቀቱ ተጠቅልሎ፣ ሳህን ውስጥ ገብቶ፣ በቪዲዮ ተቀርጾ ነው የወጣው፣ ከዛ ግን ልክ እንደ እቁብ ዕጣ በውስጥ መስመር መሸጥ መለወጥ ተጀመረ። የዶክተሯ ልጅ የደረሰው ሰው ዕጣውን ሙጭጭ፣ ጥግ ያለው ቤት የሚኖሩት ልጅ የደረሳት ማሚ ደግሞ "የኔ ልጅ ከሱ ጋር ብዙም አይግባባም" አለች። ልጆቹ እኮ ሁለት ዓመታቸው ነው፣ ከማንም ጋር አይግባቡም፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው ለየብቻ ነው የሚጫወቱት፣ የሚገናኙት ሲነካከሱ ብቻ ነው። ግን የእናት ዓይን ሩቅ ያያል፣ አማች ከወዲሁ ነው የሚመረጠው።

ማንም እንዳይቀር መደረጉን ሳላደንቅ አላልፍም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እናት ከወለደች በኋላ ያላት ፈቃድ 90 ቀን ስለሆነ ዴይኬራችን ውስጥ ገና መቀመጥ ያልቻሉ አሉ፣ እነሱም ዕጣ ወጥቶላቸዋል። አንዱ እንደውም እናቱ የዲኮር ስላልከፈለች ባለዕዳ ተብሎ ስሙ ግሩፕ ላይ ተለጥፎ ነበር፣ ጥርስ ሳያበቅል ዕዳ አበቀለ። የደረሰው ስጦታ ሪሞት ያለው ጂፕ መኪና ነው። ካርቶኑ ላይ ያቺ 0-3 የሚል ቁጥርና የተከፋ ፊት ያለባት ቀይ ክብ ምልክት ነበረች፣ ማለትም ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም፣ ወርቃማው ሪባን ግን በትክክል እሷ ላይ ነው የታሰረው፣ ጥበብ ማለት ይሄ ነው። ለሌላዋ የመጣው የሚዘፍን አሻንጉሊት ደግሞ የሚሠራው እንደ ሳንቲም ክብ በሆነችው ባትሪ ነው፣ ያቺ ባትሪ ተውጣ ጉሮሮ ላይ ከተቀረቀረች ሁለት ሰዓት ሳይሞላ የምግብ ቧንቧን ልታቃጥል ትችላለች። ግን ይሄን ግሩፕ ላይ የሚያነሳ ሰው ምን እንደሚባል ታውቃላቹ አይደል፣ ምቀኛ!

ፕሮግራሙ የተደረገው ታኅሣሥ 16 ነው። አዎ የኛ ገና ታኅሣሥ 29 ነው፣ ግን ፈረንጅ 13 ቀን ሲቀድመን እያየን ዝም ልንል ነው እንዴ? ችግሩ ኅዳር 15 የገባው ጾም ገና አልተፈታም፣ እሱም ተፈታ፣ ኬኩ ሁለት ሆነ፣ የጾምና የፍስክ፣ የጾሙን ፎቶ ተነስተንበት የፍስኩን በላን። ሙስሊም ቤተሰቦችም ቅር እንዳይላቸው ባነሩ ላይ "የደስታ ቀን" ተብሎ ተጻፈ፣ ከባነሩ ሥር ያለው የገና አባት ግን እንዳለ ቀረ።

የገና አባት ስል፣ የግቢው ጥበቃ ነበሩ። ቀይ ካባ፣ የጥጥ ጺም፣ ከካባው ሥር ግን ያው የጥበቃ ከስክስ ጫማቸው። ትንንሾቹ እንዳዩአቸው እሪታቸውን አቀለጡት፣ አንዷ ብልጥ ብቻ ጫማውን አየት አድርጋ "ጋሼ!" ብላ ሮጣ እግራቸው ላይ ተጠመጠመች። ኮሚቴው ግን ሰርፕራይዙን ስላበላሸች ከቪዲዮው ቆርጧታል። ትክክል ነው።

ልውውጡማ ምን ብዬ ልንገራቹ። የሁለት ዓመት ልጅ በሚያብረቀርቅ ወረቀት የተጠቀለለ ነገር አስታቅፈህ "ሂድ ለጓደኛህ ስጠው" ስትለው "የኔ ነው!" ይላል። ትክክለኛ መልስ ነው። እናቱ ፊቷን ወደ ካሜራው እንዳዞረች፣ ጥርሷ እንደሳቀ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ከሳጥኑ ላይ ስታላቅቅ ነበር፣ አውራ ጣቱን አላቅቃ ሌባ ጣቱ ላይ ስትደርስ አውራ ጣቱ ይመለሳል። ልጁ እያለቀሰ፣ ተቀባዩም እሱ ስላለቀሰ እያለቀሰ፣ ወላጅ እያጨበጨበ ተሰጠ። ከዛ ፎቶግራፈሩ "ይቅርታ ፎከስ አላደረገም፣ ይደገም" አለ። ተደገመ። እዚህ ጋ ነው ያጨበጨብኩት እኔ።

ከዛ በኋላ ልጆቹ ካርቶን ውስጥ ገብተው ሲጫወቱ እኛ ዋጋ መገመት ጀመርን። "ይሄ የመርካቶ አይደለም፣ ከዱባይ ነው"፣ "ኧረ ሲኤምሲ ጋ ይሸጣል"፣ "ወረቀቱ ብቻ ስንት እንደሆነ ታውቂያለሽ?" ስንባባል በመሀል አንዷ የ500 ብሯን ደንብ የምር የወሰደች ማሚ አንድ የተረት መጽሐፍና አንድ ኳስ ይዛ መምጣቷ ታወቀ። ዝም ተባለ። በነጋታው ግሩፑ ላይ "አንዳንድ ወላጆች ለፕሮግራሙ ክብር ቢኖራቸው" የሚል ተጻፈ፣ ስድብ ተከተለ፣ አራት ሰው ግሩፑን ለቆ ወጣ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ያሉት አባቶቻችን ዱላ ይዘው ሩር ስለሚመቱ ብቻ ነው፣ የስጦታ ልውውጥ ቢያዩ ኖሮ አባባሉን ይተዉት ነበር።

ሞግዚቶቹም አልተረሱም። ዓመቱን ሙሉ ዳይፐር ለሚቀይሩት፣ ንፍጥ ለሚጠርጉት ለነሱ፣ የተረፈው የጾም ኬክ በፌስታል ተቋጥሮ ተሰጥቷቸዋል፣ ፊኛዎቹንም አጽድተው ከጨረሱ በኋላ እንዲወስዱ ተፈቅዷል።

አንዳንድ ሰው ድሮ በእንቁጣጣሽ ልጆች ወረቀት ላይ ፀሐይና አበባ ሥለው ለጎረቤት እየሰጡ ሳንቲም ይቀበሉ ነበር፣ ለቡሄ ሆያ ሆዬ ብለው ሙልሙል ይዘው ይገቡ ነበር ይለኛል። እሺ፣ ግን እስቲ ተመልከቱት፣ ልጁ ራሱ ሥሎ፣ ራሱ በር አንኳኩቶ፣ ራሱ ሰጥቶ፣ ወላጅ የት ገባ? ስሙ የት ተጻፈ? ፎቶግራፈሩስ? እንዲህ ዓይነት ሥርዓት አልባ ነገር መቅረቱ ጥሩ ነው።

አሁን ደግሞ ለፋሲካ ተነስተዋል። ፈረንጆቹ በፋሲካ ጥንቸል ያደርጋሉ አሉ፣ እና ለያንዳንዱ ልጅ የምር የምትንቀሳቀስ ጥንቸል ከነቅርጫቷ ይገዛ ተብሏል፣ አድሚኗ ትናንት ፖል ከፍታለች፣ ነጭ ወይስ ቡናማ ነው ጥያቄው፣ አያስፈልግም የሚል አማራጭ የለውም። ነጩ እየመራ ነው። እኔም ነጭ ብያለሁ፣ ከማን አንሼ።