ሽሮ ጠላትህ ነው ተባልኩ

ሆዴ ይነፋል። ምሳ በላሁ፣ ይነፋል። እራት በላሁ፣ ይነፋል። ሜሪላንድ ከገባሁ ወዲህ ጠዋት ወገቤ ላይ የሚንሸራተተው ሱሪ ማታ አይቆለፍም።

አምና እማዬ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጣችና ነገሩን በሦስት ጥያቄ ጨረሰችው። ፀሐይ ላይ በልተሃል? ሰው እያየህ በልተሃል? በባዶ ሆድህ ቡና ጠጥተሃል? አንደኛው ምች፣ ሁለተኛው ቡዳ፣ ሦስተኛው ጨጓራ ነው። በእሷ ሕክምና ከነዚህ የሚያመልጥ በሽታ የለም። መድኃኒቱም ሻንጣዋ ውስጥ አለ፤ ፌጦና ተልባ።

እኔ ግን ሠልጥኛለሁ። ኢንተርኔት ላይ ቤት ውስጥ የሚሠራ የምግብ አለርጂ መመርመሪያ አዘዝኩ። ከ150 ዶላር በላይ ነው። ካርቶኑ ሲያምር! ውስጡ ትንንሽ መውጊያዎችና ክብ ክብ የተሣለበት ወረቀት አለ። ጣትህን ትወጋለህ፣ ክቦቹን በደም ትሞላለህ፣ አድርቀህ በፖስታ ትልካለህ። ቀላል ነው ይላል። የመጀመሪያውን መውጊያ ዓይኔን ጨፍኜ ጠረጴዛው ላይ ተኮስኩት። ሁለተኛውን እማዬ ነጠቀችኝና ጣቴን እንደ ድንች ይዛ ቀጭ አደረገችው። ደሙ ወረቀቱ ላይ ሲንጠባጠብ ዝም ብላ አየች።

«ይሄን ለማን ነው የምትልከው?»

«ለላብራቶሪ።»

«ታውቃቸዋለህ?»

«አላውቃቸውም።»

«ቡዳ አለ ስልህ ትስቃለህ፤ ደምህን ደግሞ ለማታውቀው ሰው በፖስታ ትልካለህ!»

ውጤቱ ከሁለት ሳምንት በኋላ በኢሜይል መጣ። ምግቡ ሁሉ በቀለም ተለይቷል። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ለአገሬ ሰው ብለው ያዘጋጁት መሰለኝ። ቀዩ ላይ ምስር፣ ሽንብራ፣ ስንዴ፣ እርሾ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቡና። አረንጓዴው ላይ ሸርጣን፣ ኦይስተር፣ ብሮኮሊ። ማለትም በዕድሜዬ አንድ ቀን አፌ ገብቶ የማያውቅ ነገር ሁሉ ተስማምቶኛል። ሽሮ ተው፣ ሸርጣን ብላ ነው ነገሩ።

ብዙ ብር ከፍያለሁና አመንኩ። ችግሩ የመጣው ሰው ቤት ስሄድ ነው። እኛ ጋ «አይስማማኝም» ማለት «ሙያ የለሽም» ማለት ነው። አንድ ክርስትና ላይ ምስሩን ስተወው የድግሱ ባለቤት መጣች። «ምነው? በደንብ የተለቀመ እኮ ነው» አለች። አለርጂ ነው አልኳት። «እንግዲያው ሽሮዋን» አለች። እሷም አይሆንም ስላት ፊቷ ተለወጠ። «አፈር ስሆን» አለችና ጠቀለለች። ጎረስኩ። እስካሁን በሕይወት አለሁ።

እዚህ ላይ ቀልዴን ላቁም። የዘመዴ ልጅ የኦቾሎኒ አለርጂ አለበት፤ የምርመራ ወረቀት የፈጠረው ሳይሆን የእውነት። በሄደበት ቦታ ሁሉ የአድሬናሊን መርፌው አብሮት ይሄዳል። ለእንዲህ ያለ ልጅ «ትንሽ ናት፣ ምንም አትልህም» ብሎ ጉርሻ የለም፤ ትንሿም ልትገድል ትችላለች። አብሽ ደግሞ የኦቾሎኒ ዘመድ ስለሆነ አንዳንዱን የኦቾሎኒ አለርጂ ያለበት ሰው ይቀሰቅስበታል። በርበሬያችን ውስጥ አብሽ የምትጨምር ባለሙያ ስንት ናት? ሰሊጥንም አሜሪካኖቹ ከ2023 ጀምሮ ዘጠነኛው ዋና የአለርጂ ምግብ ብለው ምግብ አምራቾች እሽጉ ላይ እንዲጽፉት በሕግ አስገድደዋል። የልጁ እናት አልሰጠውም ስትላችሁ አትከራከሩ።

ወደ እኔ ሆድ ልመለስ። ወረቀቱን ይዤ ሐኪም ጋ ሄድኩ። ከኔ የሚያንስ ልጅ ነው። አየውና «ምስር ትወዳለህ ማለት ነው» አለኝ። እንዴት አወቅክ አልኩት። ምርመራው የሚለካው አይጂጂ የሚባለውን የደም ነገር ነው፤ እሱ ደግሞ ሰውነት አዘውትሮ ያየውን ምግብ ማወቁን ነው የሚያሳየው። ምስርን ያውቀዋል፤ ተጣልቶታል ግን አላለም። የአውሮፓ የአለርጂ አካዳሚ በ2008፣ የካናዳው ማኅበር ደግሞ በ2012 በዚህ ምርመራ ምግብ አትከልክሉ ብለው ጽፈዋል። ለካ ከ150 ዶላር በላይ ከፍዬ ያስነገርኩት ቤቴ ምን እንደሚበላ ነው። እማዬን ብጠይቃት በነጻ ትነግረኝ ነበር።

«ሆድህ ሰላም የሚሆንበት ጊዜ አለ?» አለኝ።

«በሁዳዴ።»

ሁዳዴ ምንድን ነው አለ። 55 ቀን ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል አንነካም አልኩት። ብዕሩን አስቀመጠ። ለካስ እነሱ በሽተኛውን የሚለምኑት ይሄንኑ ነው፤ የተጠረጠረውን ምግብ ተው፣ ቆይተህ አንድ በአንድ መልስ፣ የሚሆነውን ጻፍ።

«በሁዳዴስ ምስርና ሽንብራ ትበላለህ?»

«ከነሱ ሌላ ምን አለ!»

ምስርና ሽሮ በነጻ ተለቀቁ። ተጠርጣሪው በቀን አራቴ የምጠጣው ማኪያቶ ሆነ። በዓለም ላይ የአብዛኛው አዋቂ ሰው ሆድ የወተቱን ስኳር መፍጨት ከልጅነት በኋላ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ጥርጣሬ ካለ በትንፋሽ የሚለካ ምርመራ አለ። «ግን ስትፈታ እንዴት ነው የምትመልሰው?» አለኝ።

እንግዲህ ምን ልበለው? እኛ የምንመልሰው በአንድ ሌሊት ነው። ከቅዳሴ መልስ ዶሮው፣ እንቁላሉ፣ አይቡ፣ ክትፎው፣ ከነቅቤው። በማግስቱ ሆዱን የቆረጠው ሰው ማንን ይክሰስ? «አንድ በአንድ» ብሎ አስምሎኝ ሸኘኝ።

ሁዳዴው ገባ። ሱሪዬ ጠዋትም ማታም ተቆለፈ። ፋሲካ ሌሊት ማዕዱ ቀረበ። እማዬን አስጠነቀቅኳት። ሐኪሙ አንድ በአንድ ብሏል፣ ዛሬ ዶሮው ብቻ፣ አይቡ ለሌላ ቀን አልኳት።

«እሺ ልጄ» አለች፤ ገርሞኛል አለመከራከሯ። እንቁላሉን ከፈለች፣ አይብ ጨመረችበት፣ ክትፎ ጣል አደረገች፣ ሁሉንም በአንድ እንጀራ ጠቅልላ ወደ አፌ አመጣችው።

«ይኸው፣ አንድ» አለች። ገና አላምጬ ሳልውጥ ሁለተኛውን ጠቅልላለች። «አንድ ያጣላል።»