ቴርሞሜትሩ 92 ሲል መልሱ ለምን 100 ይሆናል?

በአዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ አይደለም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ በጀበናም ሆነ በድስት የሚንተከተከው ውሃ ሙቀቱ 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይቆማል፤ እሳቱን የቱንም ያህል ብናነደው ከዚያ አያልፍም። ይህ አዲስ ግኝት አይደለም፤ ቴርሞሜትርና ምድጃ ያለው ሰው ሁሉ በሩብ ሰዓት ውስጥ ሊያረጋግጠው ይችላል። ሆኖም በዚሁ ከተማ የሚማር የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የውሃ ነጥበ ፍሌት ስንት እንደሆነ ቢጠየቅ ሳያመነታ «100» ይላል፤ «92» ብሎ የሚጽፍ ቢገኝ ኤክስ ይደረግበታል።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በተገለጸ ቁጥር፣ በተለይም በ2014 ዓ.ም. ከተፈታኞቹ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ከተነገረ ወዲህ፣ ስለ ትምህርት ጥራት ብዙ ተብሏል። ክርክሩ ግን በአብዛኛው የሚያጠነጥነው ተማሪው ምን ያህል ያውቃል በሚለው ላይ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የሚያውቀውን እንዴት አወቀው የሚለው ነው። በዚህ ረገድ የውሃን መፍላት የመሰለ ማሳያ የለም፤ ምክንያቱም ሁሉም ተማሪ የተማረው፣ ሁሉም ቤት በየቀኑ የሚያየውና ማንም ያልለካው ነገር ነው።

ሳይንስ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ደጋግሜ የታዘብኩት ትዕይንት አለ። ተማሪዎች በቢከር ውሃ ይጥዱና ቴርሞሜትሩን በክር አንጠልጥለው ዙሪያውን ይከባሉ። ቀዩ መስመር 60ን፣ 80ን፣ 90ን ያልፋል፤ ውሃው ይፍለቀለቃል፤ መስመሩም 92 ላይ ቀጥ ይላል። መጀመሪያ የሚሰማው ድምፅ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ቲቸር፣ ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል!» ሌላ ይሰጣቸዋል፤ እሱም 92 ይላል። በየደብተሩ የሚሰፍረው ውጤት ግን 100 ነው። ጥቂት ብልጦች ደግሞ 99 ብለው ይጽፋሉ፤ የምር የሠሩትን ሙከራ የምር የሠሩ ለማስመሰል መሆኑ ነው። ልጆቹን መውቀስ አይቻልም። ዓይናቸው ያየውና ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ሲጋጩ ሰሌዳው እንዲረታ ከታች ክፍል ጀምረን ያለማመድናቸው እኛ ነን።

የሚያስቆጨው ደግሞ ዋናው ትምህርት ያለው በእነዚያ በጎደሉት 8 ዲግሪዎች ውስጥ መሆኑ ነው። ውሃ ፈላ የሚባለው የእንፋሎቱ ግፊት በላዩ ከተጫነው የከባቢ አየር ግፊት ጋር ሲስተካከል ነው፤ ከድስቱ ሥር የሚነሡት አረፋዎች ሳይጨፈለቁ እስከ ላይ መውጣት የሚችሉት ያን ጊዜ ነው። አየር ክብደት ስላለው፣ ከፍ ወዳለ ቦታ በወጣን መጠን በላያችን የሚቀረው አየር እየሳሳ፣ ግፊቱም እየቀነሰ ይሄዳል። በአዲስ አበባ ያለው የአየር ግፊት በጅቡቲ ወደብ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። በግምት በየ300 ሜትሩ ከፍታ ነጥበ ፍሌት በ1 ዲግሪ ይወርዳል፤ ስለዚህ በድሬዳዋ 96፣ በደብረ ብርሃን ከ91 በታች፣ በራስ ዳሽን ጫፍ ደግሞ 85 ገደማ ይሆናል። ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ባለው የደናክል ረባዳ ግን 100ን በጥቂቱ ያልፋል። ከቆላ እስከ ውርጭ ይህን ያህል ርቀት በአንድ ድንበር ውስጥ ይዞ፣ የባሕር ዳርቻ አገሮችን ቁጥር በቃል የሚያስጠና ሥርዓተ ትምህርት መኖሩ ይገርማል።

ቁጥሩን ለዓለም የሰጠው ሰው እንኳ ያለ ቅድመ ሁኔታ አላቀረበውም። ስዊድናዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ አንደርስ ሴልሺየስ እ.ኤ.አ. በ1742 መለኪያውን ሲያስተዋውቅ፣ ውሃ የሚፈላበት ሙቀት ከአየር ግፊት ጋር እንደሚለዋወጥ አብሮ ገልጿል። (በነገራችን ላይ በእሱ መለኪያ የሚፈላው ውሃ 0፣ በረዶ የሚሆነው 100 ነበር፤ የተገለበጠው በኋላ ነው።) የመማሪያ መጻሕፍትም አልፎ አልፎ «በባሕር ጠለል» የሚለውን ሐረግ ያስገባሉ። ሐረጉ ሰሌዳው ላይ ሲደርስ ይቀራል፤ ፈተናው ላይ ሲደርስ ፈጽሞ ይረሳል።

ጉዳዩ የ8 ዲግሪ ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍኩ ነበር። በደጋ አገር የባቄላ ንፍሮ አልበስል ሲል ባቄላው ይወቀሳል፣ ውሃው ይወቀሳል፣ ከሰል ይጨመራል። ውሃው አንዴ ከፈላ በኋላ የሚጨመረው እሳት ግን እንፋሎቱን ያበዛዋል እንጂ ንፍሮውን አያፈጥነውም፤ ድስቱን ከድኖ እሳቱን መቀነስ በዚያው ሰዓት ያበስላል፣ ከሰልም ይቆጥባል። ክዳኑ የሚቆለፈው የግፊት ድስት ንፍሮውን ቶሎ የሚያደርሰውም ግፊቱን ጨምሮ ነጥበ ፍሌቱን ስለሚያወጣው ነው። ከዚህ ሁሉ የተጠቀመ ቢኖር ቡና ጠጪው ነው፤ ባለሙያዎች ለቡና የሚመክሩት ከ90 እስከ 96 ዲግሪ ያለ ውሃ ስለሆነ፣ በአዲስ አበባ ምድጃ ላይ የፈላ ውሃ ሳይቀዘቅዝም ሳይለካም ልኩ ላይ ነው።

በሕክምና ተቋማት ግን ነገሩ ይከብዳል። የሕክምና መሣሪያ ከጀርም የሚጸዳበት ኦቶክሌቭ በተለምዶ 121 ዲግሪ መድረስ አለበት። በአብዛኛው የግፊት ቆጣሪው የሚያሳየው ከውጪው አየር በላይ ያለውን ግፊት ነው። በባሕር ጠለል ላይ ባለች የወደብ ከተማ 121 ዲግሪ የሚያስገኘው የ15 ፓውንድ (በስኩዌር ኢንች) ንባብ በአዲስ አበባ የሚያስገኘው ወደ 117 ዲግሪ ነው፤ ስለዚህ ባለሙያው ግፊቱን እንደ ከፍታው መጨመር ይኖርበታል። የሚጠጣ ውሃን በተመለከተም የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ውሃው ለ1 ደቂቃ እንዲፈላ ሲመክር፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ለሚኖሩ ግን 3 ደቂቃ ይላል። «ውሃ በ100 ይፈላል» የሚለውን ብቻ ይዞ ያደገ ሰው እነዚህን መመሪያዎች ሲያነብ ለምን እንደተጻፉ የሚረዳበት መንገድ የለውም።

ተመሳሳይ ምሳሌ ሞልቷል። ከፍታ ቦታ ላይ የኦክስጅን ድርሻ ይቀንሳል የሚል ተማሪ ብዙ ነው፤ ድርሻው እዚያም 21 በመቶ ገደማ ነው፣ የሚቀንሰው ግፊቱ ነው። ፀሐይ አዲስ አበባ ላይ እኩለ ቀን ልክ አናት ላይ የምትሆነው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መገባደጃ እንደሆነ፣ በሁለቱ መካከል ባለው ጊዜም ጥላችን ወደ ደቡብ እንደሚወድቅ ግቢ ወጥቶ እንጨት ተክሎ ያየ ክፍል ጥቂት ነው።

መምህራን የሚያነሡት መከራከሪያ አውቀዋለሁ፤ ልጅ መጀመሪያ ቀላሉን ይያዝ፣ ዝርዝሩ ሲያድግ ይደርሳል ይላሉ። ለአንዳንድ ርዕስ ይህ ልክ ነው፤ ለአንደኛ ክፍል ሕፃን ስለ እንፋሎት ግፊት አይነገርም። ደጋና ቆላን ለይቶ የሚያውቅ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ግን «እንደ ቦታው ከፍታ ይለያያል» የሚለው ሐሳብ የሚከብደው አይደለም። የቤተ ሙከራ እጥረትና ስልሳ ሰባ ተማሪ የታጨቀበት ክፍልም እውነተኛ ችግሮች ናቸው። ይህ ሙከራ ግን የሚጠይቀው አንድ ቴርሞሜትር፣ አንድ ድስትና እሳት ነው፤ ሰባዎቹም ተራ በተራ ቀርበው ሊያነቡት ይችላሉ። የሚጎድለው ይልቅ ለመምህሩ የሚሰጥ ዋስትና ነው፤ ተማሪዎቹ 92 ብለው እንዲጽፉ ያደረገ መምህር በፈተና ቀን ልጆቹን ማስቀጣት አይፈልግም።

ስለዚህ ለውጡ መጀመር ያለበት ከፈተና አውጪዎቹ ነው። «ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?» የሚለው ጥያቄ ቢቀርና በቦታው ይህ ቢገባ ይበቃኛል፦ በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋና በደናክል ረባዳ የሚገኙ ሦስት ትምህርት ቤቶች በአንድ ቀን ውሃ አፍልተው 92፣ 96 እና 100 ዲግሪ መዘገቡ፤ የትኛው ቁጥር የየትኛው ትምህርት ቤት ነው? ምክንያቱን አብራራ። ይህ ጥያቄ በወረቀቱ ላይ በወጣ ማግስት፣ በየቁም ሳጥኑ የተቆለፈባቸው ቴርሞሜትሮች ይፈለጋሉ።