ዳር ዳሩን ሂዱ

ልጆች ሳለን ከቤት ስንወጣ እናቴ የምትለን ነገር አንድ ነበር፦ «ዳር ዳሩን ሂዱ!» ባለፈው ጥር ባሕር ዳር ገብቼ የእህቴን ልጅ ከትምህርት ቤት ላመጣ ስነሳ ያንኑ ደገመችልኝ።

የሚኬድበት ዳር ግን አልነበረም። የእግረኛው መንገድ ላይ አሸዋና ብሎኬት ተቆልሏል። አለፍ ብሎ መኪና ቆሟል። ከዚያ ደግሞ ባለሱቁ ዕቃውን አውጥቶ ደርድሯል። የሰባት ዓመቷን ልጅ እጇን ይዤ አስፋልት ወረድኩ። ወዲያው ከኋላ ባጃጅ ክላክሱን ለቀቀብን። እኔ ደነገጥኩ። እሷ ዘወር ብላም አላየች። ለምዳዋለች። ከክላክሱ ይልቅ ያስደነገጠኝ ይህ መልመዷ ነው።

የምኖረው ኦስሎ ነው። እዚያ ልጄ በሚማርበት ትምህርት ቤት ወላጅ ልጁን በመኪና እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ አያመጣም። አካባቢውን «የልብ ቀጠና» ይሉታል። መኪናው ራቅ ብሎ ይቆማል፣ ልጁ የቀረውን በእግሩ ይሄዳል። መሃል ከተማም ከ700 በላይ የመኪና ማቆሚያ ቦታ አንስተው ለእግረኛ፣ ለብስክሌትና ለአግዳሚ ወንበር ሰጥተውታል። ነጋዴው ገበያችን ሊቀዘቅዝ ነው ብሎ አጉረምርሞ ነበር። በ2019 እ.ኤ.አ. በዚያች ከተማ በትራፊክ አደጋ የሞተው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም መኪና ሲነዳ የነበረ። እግረኛ አልሞተም። ብስክሌተኛ አልሞተም። በዚያው ዓመት በመላ ኖርዌይ ከ16 ዓመት በታች የሆነ አንድም ልጅ በትራፊክ አልሞተም። ይህን ሳነብ መጀመሪያ የመጣብኝ ከሰፈራችን በመኪና አደጋ ያጣናቸው ልጆች ፊት ነው።

ትልቁ ነገር ፍጥነት ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሹፌሩ ልጁን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ ያን ያህል አልፏል። በ30 የሚነዳው በዚያው ርቀት ውስጥ ቆሟል።

እኛ ዘንድ አደጋ ሲደርስ ቶሎ የሚሰማው «ዘሎ ገባብኝ» የሚለው ነው። ልጅ ይዘላል፣ ልጅ ነውና። የስዊድን ፓርላማ በ1997 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው ሐሳብ ከዚህ ይነሳል፦ ሰው ይሳሳታል፣ መንገዱ ግን ስህተቱን በሞት እንዳያስከፍለው ተደርጎ ይሠራ። ተጠንቀቅ የሚባለው መንገድ ሠሪውም ነው ማለት ነው።

ባሕር ዳር ደግሞ ሌላው በብዙ ገንዘብ የሚፈልገውን ይዛለች። መሬቷ ሜዳ ነው። ከድሮም የብስክሌት ከተማ ናት። ዘንባባዎቿ ጥላ ይሰጣሉ። ኦስሎ የሌለው ሌላም ነገር አላት። ከቤታችን እስከ ጊዮርጊስ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው፤ ከእናቴ ጋር ግን ግማሽ ሰዓት ፈጀብን። «እንዴት አደራችሁ፣ ልጆቹ ደኅና ናቸው?» እየተባለ ነው የሚኬደው። ኦስሎ ውስጥ ጎረቤቴ አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል። አግዳሚ ወንበሩ ሞልቷል፣ ጨዋታ የለም።

በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውን፣ 380 ሜትር የሚረዝመውን አዲሱን የዓባይ ድልድይም በእግር ተሻገርነው። የእግረኛና የብስክሌት መስመር አለው። እናቴ መሃል ላይ ቆማ ውኃውን አየች። የልጅቷን እጅ ለቃ ነበር። ስንፈልግ እንችላለን ማለት ነው።

ታዲያ ለምን ከትምህርት ቤቶቹ በር አንጀምርም? ድልድይ የሚያህል ገንዘብ አይጠይቅም። ከበሩ ፊት ከፍ ያለ ዜብራ ይሠራ። ጠዋትና ከሰዓት፣ ልጆቹ ሲገቡና ሲወጡ፣ ባጃጁም መኪናውም መቶ ሜትር ርቆ ይቁም። ከሁሉ በፊት ግን ያ አሸዋ ከእግረኛው መንገድ ይነሳ።