የባንኩ ሥራ አስኪያጅ በጸሎት ላይ

ሚላኖ የሚኖር ሐበሻ እንግዳውን የሚያስጎበኝበት መንገድ ከሞላ ጎደል የታወቀ ነው። ጠዋት ዱዎሞው (ትልቁ ካቴድራል) ፊት ለፊት ፎቶ ይነሣሉ፤ ቀጥሎ ጋለሪያው በሚባለው የገበያ አዳራሽ ውስጥ የማይገዙ ቦርሳዎችን በመስታወት አሻግረው ያያሉ፤ ከዚያ ፖርታ ቬኔሲያ ሄደው እንጀራ ይበላሉ። የሊዮናርዶን «የመጨረሻው እራት» ለማየት ቀደም ብሎ ቲኬት የያዘ ካለ ደግሞ ለሩብ ሰዓት ብቻ ገብቶ ይወጣና የቀረውን ዕድሜውን «አይቼዋለሁ» እያለ ይኖራል። በሳንት ኤውስቶርጆ ቤተ ክርስቲያን የሚገኘውን የፖርቲናሪን ጸሎት ቤት ግን የሚያነሣው የለም። ሰው የማያውቀውን ነገር አይቶ ማንን ማስቀናት ይቻላል?

ይህ ጸሎት ቤት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1460ዎቹ የታነጸው በፒጄሎ ፖርቲናሪ ስፖንሰርነት ነው። ፒጄሎ የፍሎረንሱ የሜዲቺ ባንክ የሚላኖ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ነበር። በዘመኑ ቤተ ክርስቲያን ወለድ መብላትን ታወግዝ ስለነበር፣ ባንከኞች ቀን ቀን ትርፋቸውን በሌላ ስም ሲጠሩ ይውሉና ዕድሜ ሲገፋ ለነፍሳቸው ጸሎት ቤት ያሠሩ ነበር። ፒጄሎም ሕንፃውን ያሠራው የሰማዕቱን የቬሮናውን ጴጥሮስን የራስ ቅል በክብር ሊያኖርበት፣ በዚያውም የራሱን መቃብር ሊያዘጋጅበት ነው። በ1252 ራሱን በስለት ተመትቶ የተገደለው መነኩሴ፣ ለዘለዓለሙ ከባንክ ሥራ አስኪያጅ ጋር እንደሚጎራበት የሚጠረጥርበት ምክንያት አልነበረውም። ይህም አልበቃ ብሎ ፒጄሎ፣ በሰማዕቱ ፊት ተንበርክኮ ሲጸልይ የሚያሳይ ሥዕል እዚያው አለ። የቤተሰብ ልማድ ሳይሆን አይቀርም፤ የዚያኑ ባንክ የብሩዥ (የዛሬዋ ቤልጅየም) ቅርንጫፍ ይመራ የነበረው ወንድሙ ቶማዞም ሚስቱንና ልጆቹን ጭምር አሰልፎ ጌታ በተወለደበት ሥዕል ዳርና ዳር አስስሏል።

እዚህ ላይ የሚስቅ ሐበሻ ካለ ጥቂት ይታገሥ። በጣና ደሴት ላይ ባለችው ናርጋ ሥላሴ፣ እቴጌ ምንትዋብ በእመቤታችን እግር ሥር በግንባራቸው ተደፍተው ተስለዋል። ዛሬ ሠዓሊ ውድ ስለሆነ በምትኩ ማይክራፎን ገብቷል። የሕንፃ ማሠሪያ ሲለመን ጃንጥላው ተገልብጦ ይዞራል፣ ስም ይጠራል፣ እልልታው እንደ ብሩ መጠን ይረዝማል ወይም ያጥራል፤ መጋረጃ የሰጠችው እኅትም የክርስትና ስሟን ከመልአኩ ክንፍ በሚበልጥ ፊደል ታስጠልፍበታለች። ከሁሉም የሚገርመኝ ግን «ስሜ አይጠራ» ያለው ወንድማችን ነው፤ ስሙ ያልተጠራው እርሱ መሆኑን ያላወቀ ምእመን እንዳይኖር፣ እስከ ማሳረጊያው ድረስ በየተራ ፊታችንን ሲመረምር ይቆያል።

ወደ ሚላኖ እንመለስ፤ ምክንያቱም የጸሎት ቤቱ ዋና ሀብት ከፍ ብሎ ግድግዳው ላይ ነው። ሠዓሊው ቪንቼንዞ ፎፓ ልስኑ ሳይደርቅ ከሣላቸው ተአምራት በአንዱ፣ እናቱን በእርግጫ የመታና በጸጸት የገዛ እግሩን የቆረጠ ወጣት በጴጥሮስ ጸሎት እግሩ ይመለስለታል። ይህ ሥዕል ልጆች ላሏቸው እንግዶች በሙሉ ሊታይ ይገባዋል ባይ ነኝ። በሌላው ደግሞ ሰይጣን መናፍቃንን ሊያግዝ የእመቤታችንን መልክ ይዞ፣ ሕፃን ታቅፎ ብቅ ብሏል፤ ጴጥሮስ ቅዱስ ቁርባኑን ከፍ አድርጎ ቢያሳየው ተንኮሉ ተጋለጠ። ሠዓሊው ተመልካች እንዳይሳሳት ብሎ በእናቲቱም በሕፃኑም ራስ ላይ ቀንድ አብቅሏል፤ ይሁን እንጂ ቀንድ የሚታየው ቀና ብሎ ለሚያይ ነው።

ልጃቸውን ሊጠይቁ ከአዲስ አበባ የመጡ አንዲት እናት እንደ ገቡ ሴቲቱንና ሕፃኑን በሩቁ አይተው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ሦስት ጊዜ እጅ ነሡ። በሦስተኛው ቀና ሲሉ ቀንዶቹን አዩ።

«አንተ ልጅ፣ ምነው ቀድመህ ብትነግረኝ!»

መነኩሴውም የሰይጣንን ማንነት የለየው ቅዱስ ቁርባን በእጁ ስለነበረ መሆኑን በማስረዳት ላጽናናቸው ሞከርሁ።

«እርሱስ ቁርባን ይዟል፤ እኔ መነጽሬን እንኳ አልያዝሁ» አሉኝ።