ድምፅህ ይበቃኛል

እናቴ ቪዲዮ አትወድም ብዬ አምን ነበር። ደውዬላት ሁለት ደቂቃ ሳንጫወት «በል መልክህን አየሁት፣ ድምፅህ ይበቃኛል» ትልና ካሜራውን ታስጠፋለች። ዓይኗን አሟት ይሆናል እል ነበር። ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ ሄጄ አጠገቧ ስቀመጥ ነው ነገሩ የገባኝ። ወንድሜ ከካናዳ ደወለ። ትንሽ እንዳወሩ እህቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «እማዬ፣ ፓኬጁ ሊያልቅ ነው!» አለች። እናቴም ወዲያው «ድምፅህ ይበቃኛል» አለችው።

እኔ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። የቤቴ ኢንተርኔት በወር ቁርጥ ነው፤ 70 ዶላር ከፈልኩ አለቀ። ልጆቹ ፊልም ከፍተው ሌላ ክፍል ገብተው ይጫወታሉ። ጥራት ያለው ፊልም በሰዓት እስከ 3 ጊጋ ይበላል፤ ለባዶ ሶፋ። ማንም አይቆጣቸውም። መብራት አብርተው ሲወጡ ግን እጮሃለሁ። እሱ ይቆጥራላ!

እህቴ ጋ ዳታ ሥርዓት አለው። ጠዋት ትከፍታለች፣ መልእክቱ ተግተልትሎ ይገባል፣ አንብባ ትዘጋለች። ቪዲዮ ስልክላት መጀመሪያ የምታየው ስንት ሜጋ እንደሆነ ነው። 18 ሜጋ ከሆነ «ምንድን ነው? በጽሑፍ ንገረኝ» ትለኛለች። የቀን ፓኬጇ ጊዜው ሊያልፍ ሲል ደግሞ ሌላ ሰው ትሆናለች። የተረፈችው እንዳትቃጠል ብላ የማታውቀውን ሰው ሠርግ ሳይቀር ቁጭ ብላ ታያለች።

አገር ቤትም ያልተገደበ ፓኬጅ አለ፤ በፍጥነት ተለክቶ የሚሸጥ የቤት መስመርም አለ። ግን ገንዘብ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ለሚገባው ሰው የወሩን አንዴ መክፈል ከባድ ነው። ስኳር በሩብ ኪሎ የሚገዛ ሰው *999# መትቶ የዛሬን ብቻ ቢገዛ አይገርምም።

አሜሪካም ዱሮ ትቆጥር ነበር። ኤኦኤል የሚባለው የኢንተርኔት ኩባንያ በሰዓት ያስከፍል የነበረውን ትቶ በወር 19.95 ዶላር ቁርጥ ያደረገው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1996 ነው። ሰው አንዴ ከገባ አልወጣም አለ። መስመሩ ተጨናነቀና ሌላው ሲደውል የሚሰማው «ተይዟል» የሚለውን ድምፅ ብቻ ሆነ። ቡፌ ላይ ሰሃን የምንቆልለው እኛ አበሾች ብቻ አይደለንም ማለት ነው።

ለቁርጥ ክፍያ ስከራከር አፌን ያስያዙኝ ታች ቤት ያሉት እትዬ ናቸው። ኢንተርኔት የሚከፍቱት እሑድ እሑድ ስብከት ለመስማት ነው። የሚከፍሉት ግን እንደኔው 70 ዶላር። «ያንተን ልጆች ፊልም እኔ ነኝ እንዴ የምከፍለው?» አሉኝ። የኩባንያው ትልቁ ወጪ ኬብል መዘርጋቱ እንጂ ጊጋው እንዳልሆነ አስረዳኋቸው። «ታዲያ ጉድጓዱን የቆፈሩት ለኔ ብቻ ነው?» አሉ። ዝም አልኩ። እውነታቸውን ነው።

አሁን ለእናቴ በየወሩ ያልተገደበውን ከዚህ ሆኜ እሞላላታለሁ። ባለፈው እሑድ ደወልኩ። ሁለት ደቂቃ እንዳወራን ካሜራዋን ልታስጠፋ ስትል «እማ፣ አያልቅም እኮ!» አልኳት። ትንሽ አሰብ አደረገችና «ይሁን፣ ግን ያንተም እንዳያልቅ» ብላ አስጠፋችው።